ስለ ሰጠነው አስተያየት ተጠያቂው ማን ነው?



ባለፈው ክረምት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ወደ እኔ ቀርቦ፣ «አባ፣ አስተያየት መስጠት ኃጢአት ሊሆን ይችላል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው እንግዳ ስለ ሆነብኝ ምክንያቱን ብጠይቀው ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። በዚያው ሳምንት በኢንተርኔት በተሰባሰቡ ሦስት ልዩ ልዩ ማኅበሮች ውስጥ ሐሳቡን ሰጥቶ ኖሯል። በአንደኛው፣ የእግር ኳስ ወዳጆች በሚገናኙበት፣ አንድ አሠልጣኝ ከሥራው መሰናበት እንዳለበት ጽፏል። በሁለተኛው፣ ስለ ስልክና ስለ ኮምፒዩተር በሚወያዩበት፣ ባትሪው ቶሎ እያለቀ ላስቸገረው ሰው ምክር ሰጥቷል። በሦስተኛው ግን፣ የፖለቲካ ነገር በሚነሣበት፣ እግሩ ረግጦት በማያውቀው ከተማ ስለ ተፈጠረ ግጭት ጥፋተኛው የትኛው ወገን እንደ ሆነ ያለ አንዳች ጥርጥር ፈርዷል። «ሦስቱንም የጻፍኩት በአንድ ዓይነት መንፈስ ነበር፤ አሁን ግን ሦስተኛው እንቅልፍ ነሣኝ» አለኝ።

በዚያን ዕለት የሰጠሁት መልስ አጭርና ያልበሰለ ነበር። «ከመጻፍህ በፊት አስብ» ብዬ አሰናበትኩት። ነገር ግን ምን ብሎ ማሰብ እንዳለበት አልነገርኩትም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ወጣት የዘገየ መልስ ነው፤ ኋላም እንደምገልጸው፣ ለራሴ ለጸሐፊው የቀረበ ወቀሳም አለበት።

አስተያየት ምንድን ነው?

አንድ ነገር ክፉ ወይም ደግ መሆኑን ከመመርመር በፊት ነገሩ ራሱ ምን እንደ ሆነ መለየት ይገባል። ፕላቶን «ሜኖን» በተባለው ድርሰቱ ትክክለኛ አስተያየት ከዕውቀት የሚለየው በምን እንደ ሆነ በሶቅራጥስ አፍ ያስረዳል። የጥንቱ ጠቢብ ዴዳሎስ የሠራቸው ሐውልቶች ካልታሰሩ በስተቀር ተነሥተው ይሸሻሉ ይባል ነበር፤ አስተያየትም፣ ትክክል እንኳ ቢሆን፣ በምክንያት እስካልታሰረ ድረስ በሰው ልብ ጸንቶ አይቀመጥም ሲል ያመሳስለዋል። በ13ኛው ምእተ ዓመት የኖረው ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ደግሞ «ሱማ ቴዎሎጂካ» በተባለው ሥራው ነገሩን የበለጠ ያብራራዋል። በእርሱ ትምህርት መሠረት አስተያየት ማለት አእምሮ ከሁለት ተቃራኒ ነገሮች ወደ አንዱ ሲያዘነብል፣ «ምናልባት ሌላው እውነት ይሆን ይሆናል» የሚለው ፍርሃት ግን አብሮት ሲኖር ነው። የሚያውቅ ሰው ይህ ፍርሃት የለበትም፤ የሚጠራጠር ሰው ደግሞ ገና ወደ አንዱም አላዘነበለም። አስተያየት ያለው ሰው በሁለቱ መካከል የቆመ ነው።

እንግዲህ ፍርሃቱ የአስተያየት ጉድለት ሳይሆን ከባሕርይው የማይለይ ክፍል መሆኑን ልብ እንበል። ፍርሃቱ የወጣለት አስተያየት ዕውቀት አይሆንም፤ የዕውቀትን ልብስ የለበሰ ግምት ይሆናል እንጂ። ቋንቋችንም ይህን ፍርሃት የሚገልጽባቸው ብዙ ቃላት አሉት። «ይመስለኛል»፣ «እንደ ሰማሁት ከሆነ»፣ «ከተሳሳትኩ ልታረም» እንላለን። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ እነዚህ ቃላት ከአፋችን አይጠፉም፤ ምክንያቱም ከፊታችን የተቀመጡት እናት ነገሩን ከእኛ ይልቅ አብጠርጥረው ሊያውቁት ይችላሉ። በስልክ በምንጽፍበት ጊዜ ግን ቀድመው የሚጣሉት ቃላት እነዚሁ ናቸው። ጽሑፉ አጭር መሆን አለበት፤ ሌላ ሰው ሳይቀድመን መድረስ አለበት፤ ረጋ ብሎ «ይመስለኛል» የሚለውንም የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ የምናካፍለው አስተያየት እየበዛ ሲሄድ አስተያየትን አስተያየት የሚያሰኘው ነገር እያነሰ ይሄዳል።

ሦስት ዳኞች

ወጣቱ ሦስቱንም ሐሳቦች በአንድ መንፈስ መጻፉን ነግሮኝ ነበር። ስሕተቱ የተጀመረው ከዚህ ይመስለኛል። ሦስቱ ጉዳዮች ሦስት የተለያዩ ዳኞች አሏቸውና።

ስለ ጨዋታና ስለ ትርፍ ጊዜ መዝናኛ የሚሰጥ አስተያየት ዳኛው ቅርብ ነው፤ በዘጠና ደቂቃ ውስጥ ይፈርዳል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ «የእኔ ቡድን ያሸንፋል» ያለው ሰው ማታ ፊሽካው ሲነፋ ይረታል፤ ወዳጆቹ ይሥቁበታል፤ እርሱም አብሮ ይሥቃል። በዚህ መስክ ፍርሃቱ ቢቀር የሚጎዳ ሰው እምብዛም የለም። እንዲያውም የተጋነነ ንግግር የጨዋታው አንድ ክፍል ነው። ይሁንና ስለ ቡድን አሰላለፍ የሚደረገው ክርክር ወደ ተጫዋቹ ዘርና ወደ ቀለሙ የተሻገረ እንደ ሆነ ጉዳዩ ከጨዋታ ወጥቷልና ዳኛውም ይለወጣል።

ስለ ቴክኖሎጂ የሚሰጥ አስተያየት ዳኛው ሥራው ራሱ ነው። ለዚህ እጅግ የታወቀ ታሪክ አለ። በነሐሴ 1991 እ.ኤ.አ. ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሚኒክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት የሚጠቀሙ ሰዎች በኮምፒዩተር መረብ በሚወያዩበት ማኅበር ውስጥ አንድ መልእክት አስገባ። ለመዝናኛ ያህል አዲስ የኮምፒዩተር ማስተዳደሪያ ሥርዓት እየሠራ መሆኑን ገልጾ፣ ሰዎች ከሚኒክስ የሚወዱትንና የማይወዱትን እንዲነግሩት ጠየቀ። ከመናገሩ አስቀድሞ ሐሳብ መለመኑን እናስተውል። በጥር 1992 እ.ኤ.አ. የሚኒክስ ደራሲ የሆኑት የአምስተርዳሙ ፕሮፌሰር አንድሩ ታነንባውም በዚያው ማኅበር የወጣቱ ሥራ፣ ሊኑክስ፣ በአሠራሩ ጊዜ ያለፈበት ነው ሲሉ ጻፉ። ወጣቱ በቁጣ መለሰ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ስለ አነጋገሩ ይቅርታ ጠየቀ። ክርክሩ በሰው ሁሉ ፊት ተካሄደ፤ ሁለቱም በስማቸው ጻፉ፤ ሁለቱም ምክንያታቸውን አቀረቡ። ፕሮፌሰሩ ባነሡት የንድፍ ጉዳይ ዛሬም የሚደግፏቸው ባለሙያዎች አሉ። ሥራው ግን የራሱን ፍርድ ሰጠ፤ አንድሮይድ የሚባሉት ስልኮች ሁሉ በሊኑክስ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ከኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በየጊዜው የሚመዘገቡት 500 እጅግ ኃይለኛ ኮምፒዩተሮች በሙሉ በዚሁ ሥርዓት ይሠራሉ። ያ ተማሪ ባትሪን በሚመለከት የሰጠው ምክርም እንዲሁ ነው፤ ባትሪው ይቆያል ወይም አይቆይም።

የዚህ ታሪክ ፍጻሜ ሌላም ትምህርት አለው። ቶርቫልድስ ለብዙ ዓመታት የሌሎችን ሥራ ሲነቅፍ በሚጠቀምበት ሻካራ ቃል የታወቀ ነበር። በመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. ግን ስለ ጠባዩ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ የሰዎችን ስሜት መረዳት የሚችልበትን እርዳታ ለማግኘትም ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ተለየ። ስለ ፕሮግራሙ የሰጣቸው ነቀፌታዎች ብዙዎቹ ትክክል ነበሩ። ከዚህ የምንረዳው፣ ዳኛው ሥራ በሆነበት ቦታ እንኳ በትክክለኛ አስተያየት ሰውን ማቁሰል እንደሚቻል ነው።

ስለ ፖለቲካ የሚሰጥ አስተያየት ግን ዳኛው ሩቅ ነው። አንድ ፖሊሲ ጠቃሚ ወይም ጎጂ መሆኑ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ አንድን ግጭት ማን እንደ ጀመረው የሚጣራው፣ ከተጣራም፣ ብዙ ምስክር ከተሰማ በኋላ ነው። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ፣ የተሳሳትን እንደ ሆነ ዕዳውን የምንከፍለው እኛ አለመሆናችን ነው። በእግር ኳስ የተረታ ራሱ ይሣቅበታል፤ በኮምፒዩተር የተሳሳተ የራሱ ሥራ ይበላሽበታል፤ በፖለቲካ የተሳሳተ ግን የሌላው ሰው ሱቅ ይዘጋል፤ የሌላው ሰው ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ የሌላው ሰው ደም ይፈሳል። እንግዲህ ፍርሃቱ ሊበዛ የሚገባው በዚህ ቦታ ነው። በተግባር የምናየው ግን ተቃራኒውን ነው። ስለ ባትሪ «እስኪ ሞክረው፣ እርግጠኛ አይደለሁም» የሚለው ወጣት፣ ስለ ሩቁ ከተማ ሰዎች ሲጽፍ ጥርጥር አያውቀውም።

በልሃ ልበልሃ

ያለ ዳኛ የቀረ ንግግር እንዴት ሊገራ ይችላል? ከአባቶቻችን የሙግት ሥርዓት የምንማረው አለ ብዬ አምናለሁ። ዘመናዊ ፍርድ ቤት ከመቋቋሙ በፊት፣ በዛፍ ጥላ ሥር በሚካሄደው «በልሃ ልበልሃ» በሚባለው ሙግት፣ ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው በሕዝብ መካከል ይከራከሩ ነበር። ነገሩን በምሳሌ፣ በቅኔና በብልኀት የሚያቀርብ ተሟጋች ይደነቅ ነበር። ይሁን እንጂ አንደበተ ርቱዕ መሆን ብቻውን አያዋጣም ነበር። ተሟጋቹ ዋስ ይጠራል፤ ለቃሉም መያዣ ይሆን ዘንድ ውርርድ ይገባል፤ ማር ወይም በቅሎ ወይም ፈረስ ያስይዛል። ከዚያም «ተጠየቅ!» ይባላል፤ እርሱም ይጠየቃል።

ይህ ሥርዓት ጉድለት አልነበረበትም አልልም። ድሀው በቅሎ ከየት ያመጣል? አንደበት የሌለውስ ምን ይሆናል? ሆኖም በውስጡ የነበረው አሳብ ጥልቅ ነው። ሰው ስለ ሌላው ሰው ሲናገር ከራሱ አንድ ነገር ማስያዝ አለበት፤ የተናገረም ሰው መጠየቅ አለበት። «ተጠያቂነት» የሚለው ቃላችን ሥሩ መጠየቅ መሆኑን ሁልጊዜ አናስተውለውም። ተጠያቂ ሰው ማለት ጥያቄ ሊቀርብለት የሚችልና ለጥያቄው የሚቆም ሰው ማለት ነው።

በኢንተርኔት የተመሠረተ ማኅበር እውነተኛ ማኅበር ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር የምንለካውም በዚህ ይመስለኛል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2019 እ.ኤ.አ. ለመገናኛ ብዙኃን ቀን ባስተላለፉት መልእክት፣ በመረብ የተገናኙ ሰዎች ሁሉ ማኅበር ሆነዋል ማለት እንዳልሆነ አሳስበው፣ ሰዎች አንዱ የሌላው ብልት መሆናቸውን ከኤፌሶን መልእክት ጠቅሰው አስተምረዋል። በዕድራችን ስብሰባ «ይህን ያልከው ከምን ተነሥተህ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ አይጠፋም፤ የተጠየቀውም ይመልሳል፤ ካልመለሰ ያፍራል። ብዙ ሺህ ሰው ያለበት የቴሌግራም ቡድን እንዲህ ያለ ሽማግሌ ከሌለው፣ የጠየቀውም የሚባረርበት ከሆነ፣ የሰው ብዛት እንጂ ማኅበር አለው ለማለት ያስቸግራል። በአንጻሩ ሃያ ሰዎች ብቻ ያሉበት፣ ስለ ንብ እርባታ የሚወያይ ቡድን፣ አንዱ የሌላውን ስሕተት በትሕትና የሚያርምበት ከሆነ ማኅበር ነው።

የራሴ በደል

ይህን ሁሉ የምጽፈው ከንጹሕ ወንበር ላይ ተቀምጬ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የጤፍ ዋጋ በናረበት ወቅት፣ የጥንት የትምህርት ጓደኞቼና አንዳንድ ምእመናን ባሉበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ ደረሰኝ። በጆንያ የተሞላ መጋዘን ያሳያል፤ ከሥሩም የምናውቀው የአንድ ነጋዴ ስም ተጽፏል። ልቤ ተቃጠለ። በዚያው ቅጽበት፣ ድሀ እየተራበ እህል የሚደብቅ ሰው ከመካከላችን ሊገለል እንደሚገባው ጻፍኩ። ብዙዎች ደገፉኝ። አንድ ሰው ብቻ፣ «አባ፣ ነገሩ ተጣርቷል?» ብሎ ጠየቀ። አልመለስኩለትም።

ከዐሥር ቀን በኋላ እውነቱ ታወቀ። ሰውዬው መጋዘኑን አከራየ እንጂ እህሉ የእርሱ አልነበረም፤ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ለአባላቱ ሊያከፋፍል ያስቀመጠው ነበር። ጽሑፌን አጠፋሁ። ነገር ግን ከቡድኑ ወደ ሌሎች ቡድኖች አስቀድሞ ተላልፎ ስለ ነበር፣ ያጠፋሁት ከራሴ ዐይን ብቻ ሆነ። ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ቤቱ ሄድኩ። ሰውዬው በክብር ተቀበለኝ፤ ባለቤቱም ቡና አፈላች። ንግግሬን እስክጨርስ ጠብቆ እንዲህ አለኝ፦ «አባ፣ እርስዎ የጻፉትን እኔ አላነበብኩትም። ነገር ግን ልጄ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጥታ ‹አባም እንኳ እንዲህ ብለዋል ይላሉ› ስትለኝ፣ ከዚያ በኋላ ለማን ብዬ ልከራከር?»

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እኔ የሰጠሁት አስተያየት መስሎኝ ነበር፤ ለእርሱ ግን የመጨረሻ ፍርድ ሆነበት። በቅዱስ ቶማስ ትምህርት መሠረት፣ በቀላል ምልክት ተነሥቶ በሰው ላይ መፍረድ የፍትሕን ምግባር መጣስ ነው፤ ነገሩ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜም የባልንጀራን ሥራ በበጎ መተርጐም ይገባል። ይህን በሴሚናሪ ሳለሁ አጥንቼዋለሁ፤ ተፈትኜም አልፌዋለሁ። ጣቴ ግን አልተማረውም ነበር። ከዚያም ሌላ፣ የሚናገረው ሰው ክብደት በጨመረ ቁጥር ያስያዘውም ነገር እንደሚጨምር ያን ጊዜ አላሰብኩም። ሕጋችንም ይህን ያውቃል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭት መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃው የተሠራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ መገናኛ አድራሻ ከሆነ ቅጣቱን ያከብደዋል። ሕግ ተከታይን በቁጥር ይቈጥራል። ኅሊና ግን አንዲት የምታለቅስ ልጅንም ይቈጥራል።

እንግዲህ ዝም እንበል?

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ «እንዲህ ከሆነ ሰው ሁሉ ዝም ይበል፤ ፖለቲካም ለሹማምንት ይተው» የሚል ነው። ይህ መፍትሔ አይሆንም። አገር የጋራ ናት፤ ስለ ጋራ ነገር አለመናገር ብዙ ጊዜ ትሕትና ሳይሆን ቸልተኝነት ነው። በጎረቤት ላይ ግፍ ሲፈጸም እያዩ «እኔ ምን ዐውቄ» ማለት የገዛ ራስን ሰላም መግዛት ነው። ከእኛ የሚፈለገው ያየነውን እንዳየን፣ የሰማነውን እንደ ሰማን፣ የገመትነውንም እንደ ገመትን ለይተን መናገር ነው። ይህን የለየ ሰው በብርቱ ቃል ቢናገርም አልበደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። «በስማችን ብንናገር እንታሰራለን፣ ከሥራ እንባረራለን፤ ስማችንን መሸሸጋችን ከጉልበተኛ መዳኛችን ነው» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። የደካማው ስም መሸሸግ ከጥንት የነበረ ነገር ነው፤ በብዕር ስም የጻፉ የከበሩ ሰዎችም ነበሩ። ይሁንና በብዕር ስም የሚጽፍ ሰው በዚያው ስም ጸንቶ ይኖራል፤ ሲጠየቅ በዚያው ስም ይመልሳል፤ ሲሳሳት በዚያው ስም ያርማል። ዛሬ ባንድ ስም ሰድቦ ነገ በሌላ ስም የሚመጣው ግን ከጉልበተኛ እየሸሸ አይደለም፤ ከጥያቄ እየሸሸ ነው። ስለዚህ ስምን መሸሸግ የሚመዘነው ኃይለኛውን ለመጠየቅ ወይስ ደካማውን ለመምታት እንደ ዋለ በማየት ነው።

ከዚህ በመነሣት ለወጣቱ ያን ጊዜ ልነግረው ይገባ የነበረውን በአራት ነጥብ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ስለምትናገረው ነገር ዳኛው ማን እንደ ሆነ ጠይቅ። ፊሽካ ከሆነ ተጫወት፤ ሥራ ከሆነ ሞክር፤ ጊዜ ከሆነ ግን ቀስ በል።

ሁለተኛ፣ ብትሳሳት የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ጠይቅ። ከፋዩ ሌላ ሰው ከሆነ፣ ያ ሰው አጠገብህ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ በምትናገረው ቃል ጻፍ።

ሦስተኛ፣ «ከምን ተነሥተህ ነው?» የሚልህን ሰው እንደ ጠላት አትየው። እኔን ከበደል ሊያድነኝ የሞከረው ያ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የደገፉኝ ብዙዎች አልነበሩም።

አራተኛ፣ ስሕተትህን ባወቅህ ጊዜ፣ ማጥፋት ማረም እንዳልሆነ ዕወቅ። ስሕተቱ በደረሰበት ስፍራ ሁሉ እርማቱ እንዲደርስ የምትችለውን አድርግ። ቃል እንደ ላባ ተበትኖ መሰብሰቡ ቢያቅትም፣ ሊሰበስብ የወጣ ሰውና እቤቱ የተቀመጠ ሰው አንድ አይደሉም።

እኔም ዘግይቼ ቢሆን፣ ጽሑፌ ተላልፎባቸዋል ወደ ተባሉት ቡድኖች ሁሉ «ያልኩት ሐሰት ነበር፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ» ብዬ በስሜ ላክሁ። የመጀመሪያውን ካነበቡት ይልቅ ይህን ያነበቡት በጣም ጥቂቶች ናቸው። ነጋዴው ግን አንዷን ቅጂ በወረቀት ጽፌ እንድሰጠው ለመነኝ። ለምን እንደ ፈለጋት ብጠይቀው፣ «ለልጄ አስተማሪ የምታሳየው ነው» አለኝ። ጽፌ፣ ፈርሜ ሰጠሁት።